አፍ የሚፈታው እራት ላይ ነው፦ የስፔን ተማሪዎች እንግሊዝኛ ፍለጋ ለምን ከአገር ይወጣሉ?

እንዲህ እናስብ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከስፔን ተነስታ የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ገብታለች። ከተማዋ ቫያዶሊድ ናት። ከአውሮፕላን ከወረደች ገና ሦስት ሰዓት አልሞላትም። የምታርፍበት ቤት ሰዎች በር ላይ ተቀብለው ሻንጣዋን ክፍሏ ድረስ አድርሰውላታል። የመንገዱን ድካም ልትታጠብ ገባች። ቧንቧውን ብታዞር ውሃ የለም። ደግማ አዞረች። አሁንም የለም።

አየርላንድ ውስጥ ብዙ ቤት ያለው ሻወር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠለ ቀጭን ገመድ አለ። እሱ ካልተሳበ ጠብ የሚል ነገር የለም። ይህን ደግሞ ማንም አልነገራትም።

ልጅቷ እንግሊዝኛ መማር ከጀመረች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ግሦቹን ከነእርባታቸው በቃሏ ትወጣቸዋለች። ፈተና ላይም ጥሩ ታመጣለች። አሁን ግን ፎጣዋን አገልድማ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ኮሪደሩ ላይ ላለችው ሴትዮ «ውሃው አልመጣም» ማለት አለባት። ልቧ ይመታል። ቃላቱ የት እንደገቡ አታውቅም።

በየዓመቱ እጅግ ብዙ የስፔን ተማሪዎች ለቋንቋ ብለው ወደ ውጭ ይጓዛሉ። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች (ከብሬግዚት) በኋላ ደግሞ የጉዞው መንገድ ስለተቀየረ ነገሩ በየጊዜው መነጋገሪያ ይሆናል። አንዳንዱ «የሽርሽር ሰበብ ነው» ይላል። ሌላው ልጁ በሁለት ሳምንት እንደ ለንደን ልጅ ሲያወራ ይጠብቃል። ሁለቱም ነገሩን አላገኙትም። እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስምንት ዓመት የተማሩት ቋንቋ እንዴት አፍ ላይ ይጠፋል?

አንዱ ምክንያት ቴሌቪዥን ነው። በ1941፣ በአምባገነኑ በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን፣ የውጭ ፊልም በስፓኒሽ ድምፅ ካልሆነ እንዳይታይ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ኋላ ላይ ቢነሳም ልማዱ ሥር ሰደደ። ዛሬም በስፔን ቴሌቪዥን የሆሊውድ ተዋናይ የሚናገረው በአብዛኛው ስፓኒሽ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ያየን ሰዎች ይሄ ቶሎ ይገባናል። ታሪኩን አንድም ሳያመልጠን ተከታትለናል። ከቱርክኛው ግን ስንት ቃል ይዘን ቀረን? ጎረቤቷ ፖርቱጋል ፊልሙን በራሱ ድምፅ ትታ ከሥሩ ጽሑፍ ታስከትላለች። የፖርቱጋል ልጅ ጆሮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ያድጋል። የስፔን ልጅ ጆሮ ይህን ዕድል ያጣው ለአሥርተ ዓመታት ነው። አሁን በዩቲዩብና በኔትፍሊክስ ዘመን ነገሩ እየተለወጠ ነው።

ሁለተኛው ድምፁ ራሱ ነው። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው። እኛ ሰባት አለን። እንግሊዝኛ ወደ 20 ይጠጋል። ስለዚህ መርከቡ «ሽፕ» እና በጉ «ሺፕ» ለስፔን ልጅ ጆሮ አንድ ናቸው። እኛ እንኳን በፊደላችን ለይተን ልንጽፋቸው እንችላለን። ሌላው ችግራቸው ግን የኛም ነው። በ«ስ» ጀምሮ ወዲያው ሌላ ተነባቢ የሚከተልበት ቃል ምላሳቸው ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ከፊቱ «ኤ» ይጨምሩበታል፤ «ስኩል» የሚለው «ኤስኩል» ይሆናል። እኛም «እስፖርት» እንላለን፤ ስፔንን ራሷን «እስፔን» የምንላትም ብዙ ነን።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ሀፍረት ነው። በስፓኒሽ «ቤርግዌንዛ» ይሉታል። ስፔን ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ ከተወራ ይህች ቃል አትጠፋም። ክፍል ውስጥ ተሳስቶ የተናገረ ይሳቅበታል። አሳምሮ የተናገረም «ይቺን ይወዳል» ተብሎ ይሳቅበታል። ልጁ ዝም ማለት እንደሚያዋጣው ቶሎ ይገባዋል። ቤት ሲገባም የሚያለማምደው ሰው አያገኝም። የአያቶቹ ትውልድ ትምህርት ቤት የተማረው ፈረንሳይኛ ነበር። ወላጆቹም ቢሆኑ እንግሊዝኛን ያዩት ባብዛኛው በመጽሐፍ ነው።

ትምህርት ቤቶቹስ ዝም ብለው አዩ?

በፍጹም። በ1996 የስፔን ትምህርት ሚኒስቴር ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ተስማምቶ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ማስተማር ጀመረ። የማድሪድ ክልል ደግሞ በ2004 በ26 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የራሱን ፕሮግራም ከፈተ፤ ኋላ ወደ መቶዎች አሰፋው። ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ አይደለም። እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ከመስጠት ይልቅ ሳይንሱን ወይም ሥዕሉን ራሱን በእንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ከውጭም የንግግር ረዳቶች ያስመጣሉ። እነዚህ ከአሜሪካ፣ ከብሪታኒያ፣ ከአየርላንድና ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። በሳምንት ከ12 እስከ 16 ሰዓት መምህሩ አጠገብ ሆነው ከልጆቹ ጋር ያወራሉ።

«ዕድሜውን እናውርደው፣ በሕፃንነቱ ይጀምር» የሚልም ሐሳብ ነበር። ይሄኛው ያስከተለው ነገር ደስ የሚል ታሪክ አለው። ስፔን የእንግሊዝኛ መጀመሪያ ዕድሜን ከ11 ወደ 8 ስታወርድ፣ በባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ካርመን ሙኞስና ባልደረቦቿ ጥሩ አጋጣሚ አገኙ። በ8 ዓመታቸው የጀመሩትንና በ11 የጀመሩትን ወሰዱ። እኩል የትምህርት ሰዓት ካጠናቀቁ በኋላ አወዳደሯቸው። ሁሉም ሰው ትንንሾቹ ይበልጣሉ ብሎ ይጠብቅ ነበር። በልጠው የተገኙት ግን ዘግይተው የጀመሩት ናቸው። ተለቅ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚነገረውን ቶሎ ይይዛል። የሕፃን ጥቅሙ የሚወጣው ቋንቋው ቀኑን ሙሉ ሲከበው ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ለዚያ አይበቃም።

በመኪና እናስበው። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ያለፈ ሰው ምልክቶቹን ሁሉ ያውቃል። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መገናኛ ቢለቁት ግን ላብ በላብ ይሆናል። ዕውቀት አልጎደለውም። የጎደለው መንገዱ ነው። የትምህርት ቤት ጉዞ ማለት ልጁን መንገዱ ላይ ማውጣት ነው።

ጉዞው ምን ምን ዓይነት ነው?

ብዙ ሰው ሁሉንም ጉዞ አንድ አድርጎ ያየዋል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው።

የቆየው ልውውጥ ነው፤ እነሱ «ኢንተርካምቢዮ» ይሉታል። ሁለት ትምህርት ቤቶች ይስማማሉ። መምህራኑ ልጆቹን በዕድሜና በዝንባሌ ያጣምራሉ። የስፔኗ ልጅ አንድ ሳምንት ከአየርላንዷ ልጅ ቤት ትቆያለች። በሌላ ወር ደግሞ ያቺ ተራዋን ትመጣለች። ለማረፊያ የሚከፈል የለም፤ ነገሩ እንደ እቁብ በተራ ነው። በር ላይ የተውናት ልጅ በዚህ መንገድ የመጣች ናት።

ሁለተኛው የቋንቋ ቆይታ ነው። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ጉብኝት፣ ማታ ተከፍሎት ልጁን የሚያስተናግድ ቤተሰብ። በክረምት ደብሊን ከተማን የሚሞሉት ባለ ቦርሳ ልጆች ባብዛኛው በዚህ የመጡ ናቸው። ከዚህ የሚረዝምም አለ። ሙሉ የትምህርት ዓመት አየርላንድ ተቀምጠው የሚማሩ የስፔን ልጆች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ኢራስመስ ፕላስ ነው። ይህ የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ነው። በ1987 ሲጀመር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበር። አሁን ለታዳጊዎችም ይደርሳል። ከ2021 እስከ 2027 የተመደበለት ገንዘብ ከ26 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በቡድን ከ2 እስከ 30 ቀን ሌላ አገር ትምህርት ቤት ሄደው መቆየት ይችላሉ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ልጆቹ የግድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር አይሄዱም። ፖላንድ ወይም ፊንላንድ ሊሄዱ ይችላሉ። የስፔኑ ልጅ ፖሊሽ አያውቅም። የፖላንዱ ልጅ ስፓኒሽ አያውቅም። የሚያገናኛቸው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እኔ በግሌ ይሄኛውን በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ይሳሳታሉ፣ ማንም ማንንም አያፍርም። ብዙ ጊዜ ከመገናኘታቸው በፊት በኢንተርኔት ይተዋወቃሉ። ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው ኢትዊኒንግ የተባለው መድረክ የተለያዩ አገሮችን ትምህርት ቤቶች በጋራ ሥራ ያገናኛል።

አራተኛው ከአገር ሳይወጡ «መውጣት» ነው። በ2001 በሰሜን ማዕከላዊ ስፔን ቫልዴላቪያ የምትባል፣ ሰው ጥሏት የሄደ ትንሽ መንደር የእንግሊዝኛ መንደር ሆነች። ስፔናውያንና ከውጭ የመጡ ፈቃደኞች አብረው ይሰነብቱ ነበር። በቆይታቸው ስፓኒሽ ክልክል ነበር። ፈቃደኞቹ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ምግብና ማደሪያ ግን በነፃ ነበር። ያ የአዋቂዎች ነበር። ተመሳሳይ የልጆች ካምፖችም በየክልሉ አሉ። ስፔኖቹ «ኢንመርሲዮን» ይሉታል፤ መነከር ማለት ነው። ጨርቅ ላይ ቀለም ቢረጩበት ነጠብጣብ ያወጣል። ቢነክሩት ግን እስከ ክሩ ይገባል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ለኢራስመስ ፕላስ ኅብረቱ ይከፍላል። ለሌላው ባብዛኛው ወላጅ። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ቀላል ወጪ ስላልሆነ ልጆቹ ራሳቸው ገንዘብ ያሰባስባሉ። መንገዱ በጣም ስፔናዊ ነው። ዲሴምበር 22 ቀን ታላቁ የገና ሎተሪ ይወጣል። ቁጥሮቹን በዜማ የሚያወጡት የማድሪዱ ሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ተማሪዎቹ አንድ ቲኬት ቆራርጠው ለዘመድ ለጎረቤት ይሸጣሉ። ለምሳሌ 5 ዩሮ ከተሸጠች ቁራጭ 4ቱ ለዕጣው፣ 1ዱ ለጉዞው ይሆናል። የገና ብስኩትም በካርቶን ይሸጣሉ።

እንዲህም ሆኖ አቅም የሚያንሰው ልጅ አለ፤ ክፍሉ ሲሄድ እሱ ይቀራል። ይህ የጉዞዎቹ ትልቁ ቁስል ነው። የነፃ ትምህርት ዕድሎች በከፊል ይሸፍኑታል። የልብስ ኩባንያው የዛራ መሥራች የአማንሲዮ ኦርቴጋ ፋውንዴሽን ለምሳሌ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታዳጊዎችን ለአንድ የትምህርት ዓመት ወደ አሜሪካና ካናዳ ይልካል።

ለምን ለንደን ቀርቶ ደብሊን?

እስከ ብሬግዚት ድረስ የስፔን ልጅ መታወቂያውን ይዞ ለንደን ይገባ ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን ፓስፖርት ግድ ሆነ። ስፔን ውስጥ ፓስፖርት የሌለው ልጅ ብዙ ነው፤ ኅብረቱ ውስጥ በመታወቂያ ስለሚዘዋወር አያስፈልገውም። ከኤፕሪል 2 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ አስቀድሞ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ተጨመረ። ክፍያው በዚያው ወር ወደ 16 ፓውንድ ከፍ አለ።

ይህ ሁሉ በገንዘብና በወረቀት ያልቃል። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የሞሮኮ ወይም የኢኳዶር ዜግነት ያላቸው፣ ስፔን ያደጉ ልጆች ይኖራሉ። ድሮ መምህሩ በሚያዘጋጀው የቡድን ዝርዝር ስማቸው ከገባ ያለ ቪዛ ከጓደኞቻቸው ጋር ይገቡ ነበር። አሁን ቪዛ መጠየቅ አለባቸው። ፈረንሳይ በ2023 መጨረሻ ለትምህርት ቤት ቡድኖቿ ልዩ ፈቃድ አግኝታለች። የስፔን መምህር ግን አንድ ልጅ በቪዛ ምክንያት ሊቀርበት እንደሚችል እያሰበ ነው ጉዞ የሚያቅደው። በቪዛ ወረፋ ያለፈ አበሻ ይህን ስሜት ማንም እንዲያብራራለት አያስፈልገውም። ብሪታኒያ ከኢራስመስ ፕላስም ወጥታ ነበር፤ በ2025 መጨረሻ ላይ ግን ከ2027 ጀምሮ ለመመለስ ተስማምታለች።

አየርላንድ የኅብረቱ አባል ናት። ለስፔናዊ መታወቂያ ይበቃል። ማልታም እንዲሁ፤ እንግሊዝኛ ከማልታኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋዋ ነው፣ ፀሐይዋም እንደ ቤታቸው ነው። አየርላንድ ግን የቆየ ታሪክ አላት። ካቶሊክ ስለሆነች የስፔን ወላጆች ገና በፍራንኮ ዘመን ልጃቸውን አምነው ይልኩባት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ መንገዱ በተቃራኒው ነበር። በአገራቸው የካቶሊክ ካህን ሆኖ መማር ሲከለከል፣ የእንግሊዝ ወጣቶች በ1589 ቫያዶሊድ፣ የአየርላንድ ወጣቶች በ1592 ሳላማንካ በተከፈቱላቸው ኮሌጆች መማር ጀመሩ። ልጃችን የመጣችበት ከተማ ከ400 ዓመት በፊት ተቀባይ ነበረች ማለት ነው።

ለማንኛውም ከመነሳት በፊት የሚሞላ ወረቀት አይጠፋም። ወላጅ ፖሊስ ዘንድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ቦታ ቀርቦ ልጁ ብቻውን ከአገር እንዲወጣ ፈቅዶ ይፈርማል። የአውሮፓ የጤና መድን ካርድም ይያዛል።

እዚያ ሲደርሱ ምን ይማራሉ?

ጉብኝቱ አለ። ትሪኒቲ ኮሌጅ ውስጥ በ800 ዓ.ም. ገደማ በብራና ላይ የተጻፈውን፣ የኬልስ መጽሐፍ የተባለውን ወንጌል ያያሉ። ብራናና የሐረግ ጌጥ ለሚያውቅ ሰው ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ82 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘውን ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ይጎበኛሉ፤ እንደ ገና ጨዋታችን በዱላ የሚጫወቱትን ኸርሊንግ ይሞክራሉ።

ቋንቋው የሚሠራው ግን ቤት ውስጥ ነው። እራቱን እንይ። ቫያዶሊድ ውስጥ ምሳ ከሰዓት በኋላ በ8 ወይም በ9 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ነው፤ ትልቁ ማዕድም እሱ ነው። እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። አየርላንድ ውስጥ ምሳ ሳንድዊች ነው። እራት ደግሞ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ 12 ሰዓት ላይ ይቀርባል። ልጅቷ አልራባትም። እምቢ እንዳትል ያሳፍራታል። ሳህኑ ላይ ድንች አለ። ጨው ትፈልጋለች።

አሁን ትልቁ ትምህርት መጣ። በስፓኒሽ «ጨው ስጭኝ» ማለት ነውር የለበትም፤ ክብሩ በድምፁና በተውላጠ ስሙ ይያዛል። እነሱም እንደኛ አንተና እርስዎ አላቸው፤ «ቱ» እና «ኡስቴድ»። እንግሊዝኛ ግን ለልጅም ለሽማግሌም ያው «ዩ» ነው። ታዲያ አክብሮቱ የት ገባ? ወደ «ፕሊስ»፣ ወደ «ኩድ አይ»፣ ወደ «ታንክ ዩ» ተሰደደ። ልጅቷ «ጊቭ ሚ ሶልት» ስትል ሰዋስዋ ፍጹም ነው፤ ለሰሚው ግን ትእዛዝ ነው። የቤቱ እመቤት ፊት ላይ ትንሽ ነገር ሲያልፍ ታያለች። መጽሐፉ ላይ ስንት ጊዜ ያለፈችው «ፕሊስ» የዚያን ቀን ሥራው ገባት። በማግስቱ አውቶብስ ላይ ደብሊኖች ሲወርዱ ሹፌሩን ሲያመሰግኑ ሰማች። በሦስተኛው ቀን እሷም አመሰገነች።

ስህተቱም ያስተምራል። በስፓኒሽ «ኮንስቲፓዶ» ማለት ጉንፋን የያዘው ነው። አፍንጫዋ የተደፈነ ልጅ ይህንኑ ቃል እንግሊዝኛ አስመስላ «ኮንስቲፔትድ ነኝ» ትላለች። በእንግሊዝኛ ሆዴ ደርቋል ማለት ነው። ለጉንፋን ሻይ ስትጠብቅ ለሆድ የሚሆን ፕሩን የሚባል የደረቀ ፍሬ ይቀርብላታል። ይህን ቃል ዳግመኛ አትሳሳተውም።

ታዲያ በአንድ ሳምንት እንግሊዝኛ ይለመዳል?

አይለመድም። በሳምንት ሰዋስው አይለወጥም፣ የቃላት ክምችትም በእጥፍ አይጨምርም። በባርሴሎናው ፖምፔዉ ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ካርመን ፔሬስ-ቪዳል የመራችው ጥናት ወደ ውጭ ሄደው ሦስት ወር የቆዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተከታትሏል። ጎልቶ የተሻሻለው የንግግር ፍሰታቸው ነው፤ ሳይንተባተቡ፣ ብዙ ሳያቆሙ መናገር። ያም የሆነው ከበስተኋላቸው ጥሩ የክፍል ትምህርት ስላለ ነው። ባዶ እጁን የሄደ ብዙ አይዝም።

አንድ ሳምንት የሚያደርገው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ግን ቀላል አይደለም። ዝምታውን ይሰብራል። ልጁ ተሳስቶ ተናግሮ ሰው ተረድቶት፣ ጨውም መጥቶለት ያያል። ከዚያ በኋላ ክፍል ሲመለስ እጁን ለማውጣት ያን ያህል አይፈራም።

ይህም የሚሆነው ከተበተኑ ነው። የቡድን ጉዞ ትልቁ ችግር ሃያ የስፔን ልጅ አብሮ ሄዶ ሃያው እርስ በርሱ ስፓኒሽ ማውራቱ ነው። ደብሊን መሀል ከተማ በሐምሌ ቢሄዱ ከሩቅ ይሰማሉ። የሠለጠነ መምህር ይህን ያውቃል። አንድ ቤት አንድ ልጅ ብቻ ያስገባል። በየቀኑ አላፊ አግዳሚ አስቁሞ የሚጠየቅ ጥያቄ ያሸክማቸዋል። ስልክ የሚነካበትን ሰዓት ይወስናል፤ ከእናት ጋር በዋትስአፕ ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ልጅ ደብሊን ገባ አይባልም። ልጅዎን እንዲህ ያለ ጉዞ ሊልኩ ካሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ከማን ጋር ያድራል? ቤቱ ውስጥ የልጅዎን ቋንቋ የሚናገር ሌላ ሰው አለ?

ልጃችን ሳምንቷን ጨርሳ ተመለሰች። ከሁለት ወር በኋላ ተራው የአየርላንዷ ልጅ ሆነና ቫያዶሊድ መጣች። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖም እራት አልቀረበም። እንግዳዋ ሆዷን ይዛ ዝም ብላለች። አያትየው በስፓኒሽ «ምን ሆነች?» ይላሉ። ልጃችን ያን ዝምታ ታውቀዋለች። ወጥ ቤት ገብታ ዳቦና አይብ አምጥታ ሰጠቻት፤ እራት መቼ እንደሆነም በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን ከፍታ፣ ሙቁ ውሃ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ አዙራ አሳየቻት።